ከደጅ የቆምነው ሁለት ብቻ ነበርን፦ አምስት ቀን በልደታ ሯጮች ቤት

ሐሙስ

ቡታጅራ የምንኖር ሰዎች አዲስ አበባን እናውቃለን ስንል ብዙ ጊዜ መርካቶን ማለታችን ነው። ልደታን ከመኪና መስኮት ካልሆነ አናውቃትም። እኔም ብሆን አምስት ቀን ልሰነብትባት እስከሄድኩ ድረስ ልደታ ለእኔ የታክሲ ረዳት የሚጠራው ስም ብቻ ነበረች። ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። የሰፈሬ ሰዎች «ምን አየሽ?» ሲሉኝ ስለ ባቡሩና ስለ ፎቁ እየነገርኩ ዋናውን ሳልናገር እየዋልኩ እያደርኩ ስለከረምኩ፣ መጻፉ ይቀለኛል ብዬ ተቀመጥኩ።

የሄድኩበት ምክንያት ይህ ነው። ባለፈው ዓመት በኅብረተሰብ ጤና ተመርቄያለሁ። አንድ የቀድሞ መምህሬ ሴት ሯጮች፣ አሰልጣኞቻቸውና የሚያሿቸው ሰዎች ስለ ወር አበባ ጤና ምን ያህል እንደሚያውቁ መረጃ እየሰበሰበ ነበር። እሱ ቢጠይቃቸው ልጆቹ እንደማያወሩት ስለገባው ቅጹን ለእኔ ሰጠኝ። መመሪያው አጭር ነው፦ «ጠይቂ፣ ጻፊ፣ አታስተምሪ። ካስተማርሻቸው የሚመልሱልሽ የራስሽን ቃል ነው።» ይህ ለእኔ ከባድ ትእዛዝ አልነበረም። ተማሪ እያለሁ እንኳ ጥያቄ ሲኖረኝ በወረቀት ጽፌ ጎኔ የተቀመጠችው ልጅ እንድትጠይቅልኝ የማደርግ ሰው ነኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ የደረሰኝ ቦታ እግር ሥር አንድ ጆንያ የቡታጅራ በርበሬ ነበረ። መንገዱ በተንገጫገጨ ቁጥር ጆንያው ይተነፍሳል፣ እኛም እናስነጥሳለን። ቲያ እስክንደርስ ድረስ የረድፉ ሰው ሁሉ ዓይን ቀልቶ ለቅሶ የምንሄድ እንመስል ነበር። አንድ አዛውንት «የማን ነው ይሄ?» ሲሉ ባለቤቱ ዝም አለ፤ አለምገና ላይ ሲወርድ ግን ጆንያውን ተሸክሞ «ይቅርታ አባቴ፣ ለሠርግ ነው» አላቸው። እሳቸውም «ታዲያ በደስታ ነዋ ያስለቀስከን» ብለው መረቁት።

ከጦር ኃይሎች ባቡር ያዝኩ። ልደታ ላይ ልወርድ ተነሳሁ፤ ከፊቴ የቆሙትን ሰዎች «አሳልፉኝ» ማለት አፍሬ ስጠብቅ በሩ ተዘጋ። ተግባረ እድ ወርጄ ሻንጣዬን እየጎተትኩ በእግሬ ተመለስኩ። ሰንጋ ተራ ሲሉኝ በስሙ ምክንያት የከብት ገበያ ጠብቄ ነበር። የጠበቀኝ ግን ክሬንና የሲሚንቶ አቧራ ነው። አክስቴ ወይዘሮ አስካለ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ወጥተዋል። ደረጃው ሥር አገኙኝ፤ በአንድ እጃቸው ጄሪካን፣ በሌላው የእኔን ሻንጣ ይዘው ወጡ። እኔ ቦርሳዬን ብቻ ይዤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ማለክለክ ጀመርኩ። «ስለ ሯጮች ልትጠይቂ ነው የመጣሽው?» ብለው ሳቁብኝ።

ማታ እራት ላይ ሥራዬን ስነግራቸው፣ ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው ሳይኖር፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይሄንንም ይጠይቃሉ እንዴ?» አሉ። ከዚያ የራሳቸውን አልጋ ለቀውልኝ ሶፋ ላይ ተኙ። ብለምናቸውም አልሰሙኝም።

አርብ

የሯጮቹ ቤት ጌጃ ሰፈር ውስጥ በአንድ ብየዳ ቤትና በአንድ ትንሽ ሱቅ መካከል ነው። ክለቡ የተከራየው አሮጌ ግቢ ሲሆን ሦስት ክፍል፣ ዘጠኝ ሴት ልጆች፣ አንዲት ወጥ ቤትና ሙሉ ገመድ የታጠበ ካልሲ አለው። የኛ ሰፈር ግቢ ቢሆን ገመዱ ላይ ነጠላና የሕፃን ልብስ ይኖር ነበር። እዚህ ካልሲ ብቻ ነው።

አሰልጣኝ አያሌው ወደ ሃምሳ የሚጠጉ፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ወንበር አምጥተው አስቀመጡኝ፤ ራሳቸው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ቅጹን ማንበብ ጀመርኩ። «የወር አበባ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ የእኔ ድምፅ ጠፋ፤ እሳቸው ደግሞ አንገታቸውን አዙረው ብየዳ ቤቱን ማየት ጀመሩ።

«የእኔ ልጆች በዚህ አይቸገሩም» አሉ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ችግር የለም ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ።

«በዚህ ጉዳይ ሥልጠና ወስደው ያውቃሉ?»

«ስለ ልብ ምት ወስጃለሁ፣ ስለ ጡንቻ ወስጃለሁ፣ ስለ ከፍታ ቦታ ወስጃለሁ። ይሄ የሴት ነገር ነው፤ ለዚህ ሙሉ አለች።»

እትዬ ሙሉ የቡድኑ ወጌሻ ናቸው። ልጆቹን ያሻሉ፣ ወለም ሲላቸው ያስራሉ፣ ሲከፋቸውም የሚያጽናኗቸው እሳቸው ናቸው። እሳቸውም ድሮ ሯጭ ነበሩ፤ አሰልጣኙና እሳቸው በወጣትነታቸው በአንድ ክለብ ስለሮጡ አንተ አንቺ ይባባላሉ።

ለምሳ አብሬ እንድበላ ግድ አሉኝ። አርብ ስለሆነ ሽሮ ነው። ልጆቹ ጠዋት ሰንዳፋ መንገድ ላይ ረጅም ሩጫ ሮጠው የተመለሱ ናቸው፤ እኔ በዚያ ርቀት መኪናም ይደክመኛል። ግን እያንዳንዷ እንጀራዋን አጋምሳ ግማሹን ጠቅልላ ወደ ሞሰቡ መለሰች። እኔ የተሰጠኝን ጨርሼ ቀና ስል ሁሉም እያዩኝ ነበር። ቡታጅራ ቢሆን እንዲህ አድርጋ የምትነሳ እንግዳን እናቴ «ምን አስቀየምኩሽ?» ሳትላት አትለቃትም።

«ነገ ሚዛን ነው» አለችኝ ሐዊ፣ ከልጆቹ ሁሉ ተናጋሪዋ። «ዶክተርዬ፣ አንቺም ትመዘኛለሽ? እንደ አበላልሽ ከሆነ ሚዛኑን አደራ።»

ዶክተር አይደለሁም ብዬ ላስረዳ ስሞክር ሳቁብኝ። ከዚያ በኋላ እስክመለስ ድረስ ስሜ ዶክተርዬ ሆኖ ቀረ።

ቅዳሜ

ሚዛኑ የሚቀመጠው በር ላይ ነው። ልጆቹ በካልሲ ተሰልፈው አንድ በአንድ ይወጡበታል፤ አሰልጣኙ ደብተር ይዘው ይመዘግባሉ። ከባለፈው ሳምንት የቀለለች ይጨበጨብላታል። የጨመረች ዝም ትባላለች። ዝምታው ከስድብ ይከብዳል።

ያን ቀን ከሁሉም የቀለለችው ጥሩወርቅ ነበረች። ከሰላሌ የመጣች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ዝምተኛ። ከልጆቹ ሁሉ የቀረብኳት እሷን ነው፤ ምናልባት ሁለታችንም ሰው ፊት መናገር ስለማንችል። ከሚዛኑ ስትወርድ ቀኝ እግሯን እንደ ጋለ ነገር ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አሳረፈችው። ሰኞ የሰዓት ሙከራ እንዳለና ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ለውጭ አገር ውድድር እንደሚመረጡ የነገረችኝ ያኔ ነው።

«ሁለት ዓመት ነው የጠበቅኩት» አለችኝ። «ካለፈኝ ወደ አገሬ ነው የምመለሰው። አባቴ ለባል ሊሰጠኝ ነበር፣ ሮጬ እንዲያልፍልህ አደርጋለሁ ብዬ ነው የወጣሁት።»

ከምዘናው በኋላ ቅጹን ለዘጠኙም አደልኩ። አንድ በአንድ ለብቻቸው ልጠይቃቸው ነበር ያሰብኩት፤ ሐዊ ግን «በቡድን ነው የምንሠራው» አለችና ሁሉም አልጋዎቹ ላይ ተደርድረው መጻፍ ጀመሩ። ለመከልከል አፈርኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አስረከቡኝ።

እስከዚያ እትዬ ሙሉ የማሻ ክፍላቸውን አሳዩኝ። አንድ ቁም ሳጥን ከፈቱ፤ ከላይ እስከ ታች ሞዴስ ነው። ክለቡ በየወሩ ይልካል፤ ካርቶኖቹ ላይ ግን አቧራ ነበረ።

«አይጠቀሙበትም?»

«አልፎ አልፎ እኔ እወስዳለሁ። የቀረውን እንዲህ አደርገዋለሁ።» ጥሩወርቅን ጠርተው ሱሪዋን ከፍ አደረጉ። ቅልጥሟ ላይ ፋሻ አለ፤ ከፋሻው ሥር ለሁለት የተቆረጠ ሞዴስ ተደርጓል። «ለስላሳ ነው፤ ጫማ ውስጥም ተረከዝ ሥር አደርግላቸዋለሁ። ብርድ ገብቷት ነው፣ ካልሞቀ አይለቃትም።»

እንዲህ ያለ ዘዴ ቡታጅራ ጤና ጣቢያ አይቼ አላውቅም። ፈገግ ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። አሁን ሳስበው ያ ፈገግታዬ ያሳፍረኛል።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቅጾቹን ዘረጋሁ። የወር አበባሽ በየስንት ቀን ይመጣል? ሃያ ስምንት። ስንት ቀን ይቆያል? አራት። ያማል? ትንሽ። ሁለተኛውም ሃያ ስምንት፣ አራት፣ ትንሽ። ዘጠኙም። አንዷ «አራት» የሚለውን መጀመሪያ «አርት» ብላ ጽፋ ሰርዛለች፤ ቀጥላ የተቀመጠችዋም እንደዚያው ጽፋ ሰርዛለች። ለአክስቴ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱና «አብረው የሚሮጡ ልጆች አብረው ነዋ የሚሆኑት» አሉ። እኔ ግን የተሰረዙትን ሁለት «አርት» ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው።

እሁድ

ወሩ አንድ ያለበት ቀን ስለነበረ ልደታ ናት። ከልጆቹ ሰባቱ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ በየወሩ አንድ ቀን ከስልጠና በፊት ነጠላ ለብሰው አብረው ይሳለማሉ። ሐዊ ጴንጤ ናት፣ አንዷ ደግሞ ሙስሊም፤ እነሱ ቤት ቀሩ። ጥሩወርቅ እንድመጣ ስትጠራኝ እኔ የወር አበባዬ ከመጣ ሁለተኛ ቀኔ ነበር። ስለዚህ እስከ ደጁ አብሬአቸው ሄጄ ውጭ ቆምኩ። እትዬ ሙሉም ከእኔ ጋር ቆሙ።

«እርስዎም?» አልኳቸው።

«እኔማ ሃምሳ ልሞላ ነው፣ ገና አልተወኝም» ብለው ሳቁ።

ሰባቱም በሩን ተሳልመው ሲገቡ አየሁ። ነጠላቸው ሕዝቡ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። እኛ ጧፍ ከምትሸጥ አንዲት ሴት አጠገብ ቆመን ነበር። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ቀስ ብሎ የመጣልኝ። ሰባት ወጣት ሴቶች ናቸው፤ አንዷም አልቀረችም።

«እትዬ ሙሉ፣ ባለፈው ወር ከልጆቹ ማን ነበር እዚህ ከእርስዎ ጋር የቆመው?»

«ማንም።»

«ከዚያ በፊትስ?»

ትንሽ አሰቡ። «ከመስከረም ወዲህ ስቆም ብቻዬን ነው የምቆመው። ያለ ቀኔ ሲሆን እኔም አብሬአቸው እገባለሁ። ልጆቹ እኮ አይመጣባቸውም።»

እንደ ዋዛ ነው ያሉት።

«ለስንቶቹ ነው የማይመጣው?»

«ሐዊ አንዳንዴ ይመጣባታል። የሌሎቹ ቆሟል። ሯጭ ፎርም ውስጥ ገብታ ለውድድር ስትሳል ይቆማል፣ የእኔም አምስት ዓመት ቆሞ ነበር። አያሌው አይቸገሩም አላለሽም?»

አይቸገሩም ማለት ይህ ነበር። እኔም «ችግር የለም» ብዬ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ።

ልጆቹ ሲወጡ ጥሩወርቅን ወደ ጎን ጠራኋት። ለምን ሃያ ስምንት ብላ እንደጻፈች ጠየቅኳት።

«ሐዊ አሥራ ሁለተኛ ጨርሳለች፣ መልሱን ታውቀዋለች።»

«የምን መልስ?»

«የፈተናው ነዋ። ተሳሳትን እንዴ?»

«ፈተና አይደለም። ስለ አንቺ ነበር የጠየቅኩሽ።»

«ስለ እኔማ ቢሆን ቀላል ነበር» አለች። «አሥራ አራት ወሩ ነው። ቤተ ክርስቲያን ክልክል የሚሆንብኝ ቀን የለም። እናቴ ስነግራት እመቤቴ ወዳሻለች አለችኝ።»

ዩኒቨርሲቲ ስለዚህ ጉዳይ የተማርነው በአንድ ክፍለ ጊዜ ነው፤ መምህሩም ወንዶቹ ሲያጉረመርሙ ገጹን ዘለለው። የቀረውን ያነበብኩት ለዚህ ሥራ ስዘጋጅ ነው። ያነበብኩት ይህን ነበር፦ ሴት ብዙ ሮጣ ጥቂት ስትበላ ሰውነቷ ለሁሉም የሚበቃ አቅም ያጣል፤ ያን ጊዜ የወር አበባን ያቆማል። ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ስለሚችል ሐኪም ማየት አለበት። ያለ ምክንያት ግን አይቆምም። ያ ሲቆም አጥንትም ይሳሳል። የሳሳ አጥንት ላይ በየቀኑ ሲሮጥበት ይሰነጠቃል፤ መጀመሪያ ቅልጥም ላይ እንደ ብርድ የሚያም ቀጭን ስንጥቅ።

አታስተምሪ ተብያለሁ። ለመምህሬ ደወልኩ፤ አላነሳም። እንደገና ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ሆነ። ከዚያ ወደ ጌጃ ሰፈር በሚወስደው ቁልቁለት ላይ፣ ልጆቹን አስቀድመን፣ ለእትዬ ሙሉ ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። መጀመሪያ እየሳቁ ይሰሙኝ ነበር። በኋላ ሳቁ ቀረ። አንድ ሱቅ ደጃፍ ባለ አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ቀሚሳቸውን ከጉልበታቸው በታች ገለጥ አደረጉ። ቅልጥማቸው መሀል እንደ ቋጠሮ ያበጠ ቦታ አለ።

«በሃያ አራት ዓመቴ ተሰበረ፤ እየሮጥኩ፣ ማንም ሳይነካኝ። በሃያ ስድስት ዓመቴ ዳሌዬ። ብርድ ነው አሉኝ። ስንት ጊዜ በቅቤ እንደታሸሁ» አሉ። ከዚያ ቅልጥማቸውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «እኔም እኮ ብርድ ነው እያልኩ ነው የማሻት።»

ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ጥሩወርቅን ማሻ ክፍል አስቀመጥናት። እትዬ ሙሉ ፋሻውን ፈትተው ቅልጥሟን በአንድ ጣት እየተጫኑ ወረዱ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ እግሯን ነጠቀቻቸው። እኔ የማውቀውን ነገርኳት፤ ሐኪም እስኪያያት እንዳትሮጥም ለመንኳት። እንደዚያ በቁጣ የምታይ ልጅ አልመሰለችኝም ነበር።

«ነገ ነው ሙከራው» አለች። «ማክሰኞ እሄዳለሁ።»

«ነገ ከተሰበረስ?»

«አንቺ ወረቀትሽን ሞልተሽ ትሄጃለሽ። እኔ ነኝ ወደ ሰላሌ የምመለሰው። ለአሰልጣኝ ብትነግሪ በሕይወቴ አላናግርሽም።» ከዚያ ወደ እትዬ ሙሉ ዞረች። «እናንተ ፎርም ነው ስትሉኝ አልነበረም?»

እትዬ ሙሉ የፈቱትን ፋሻ መጠቅለል ጀመሩ።

ሰኞ

አክስቴ ሊነጋጋ ሲል ቀስቅሰው እስከ ሯጮቹ ቤት ድረስ ሸኙኝ። በአንድ ኪሴ ዳቦ፣ በሌላው ቆሎ አደረጉልኝ። «የምትናገሪው ካለ ሆድሽ ባዶ ሆኖ አትናገሪ፣ ድምፅሽ ይጠፋል» አሉኝ። ምን ልናገር እንደምሄድ አልነገርኳቸውም ነበር፤ ከፊቴ አይተውት መሆን አለበት።

የክለቡ ሰርቪስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ልጆቹ እየገቡ ነው። ጥሩወርቅ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች፤ ስታየኝ መጋረጃውን ሳበች። አሰልጣኙ በሩ ላይ ሰዓታቸውን እያስተካከሉ ነበር። ፊታቸው ቆምኩ። ቀና ብለው ሳያዩኝ በፊት ተናግሬ ልጨርስ ብዬ ቸኮልኩ።

«ጥሩወርቅ ዛሬ መሮጥ የለባትም። አጥንቷ የተሰነጠቀ ይመስለኛል። የወር አበባዋ ከቆመ አሥራ አራት ወሩ ነው፣ ሁለቱ ነገር ይገናኛል።»

ቃሉን ሰርቪስ በር ላይ፣ ሹፌሩ እየሰማ ነው የተናገርኩት። የአሰልጣኙ ፊት እስከ ጆሯቸው ቀላ።

«አንቺ ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም። ለዚህ ነው ሐኪም ይያት የምለው።»

«ሃያ ዓመት አሠልጥኛለሁ። ዛሬ ጠዋት አንቺ ልትነግሪኝ?»

እንባዬ መጣ። እትዬ ሙሉ ከኋላዬ መጡ።

«አያሌው፣ የእኔ እግር የተሰበረ ጊዜ አጠገቤ ማን ነበር?»

አሰልጣኙ ሰዓታቸውን ማስተካከል ተዉ።

«አንተ ነህ ተሸክመህ ያወጣኸኝ። ያን ጊዜ ስንት ዓመት ቆሞብኝ እንደነበር ታውቃለህ? አታውቅም፤ ማን ጠይቆኝ። ይቺንም ልትሸከማት ነው?»

አሰልጣኙ ወደ ሰርቪሱ ዞሩ። ከዚያ «ጥሩወርቅ፣ ነይ ውረጂ» አሉ። ወረደች። «በቀኝ እግርሽ ብቻ ሦስት ጊዜ ዝለይ።»

ጥሩወርቅ እኔን እያየች አንዴ ዘለለች። ፊቷ አልተለወጠም። ሁለተኛውን ስትዘል ከንፈሯን ነከሰች። ሦስተኛውን ለመዝለል ጉልበቷን አጥፋ ተዘጋጀች፤ ግን አልተነሳችም። እንደታጠፈች ቀረች። መስኮቶቹ ላይ ስምንት ፊቶች ተደርድረው ያዩ ነበር።

«በቃ» አሉ አሰልጣኙ። ሙከራውን ለረዳታቸው ሰጥተው እሷን፣ እትዬ ሙሉንና እኔን ታክሲ አስገብተው ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰዱን።

ራጁን ያየችው ወጣት ሐኪም ናት። ጨለማ ፊልሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየችን። «ይህ የዛሬና የትናንት አይደለም» አለች። «ስትሮጪበት ነበር?» ጥሩወርቅ አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች። «የወር አበባሽ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?»

አሰልጣኙ ሊወጡ ተነሱ። በሩ ጋ ደርሰው ቆሙ፤ ተመልሰው ተቀመጡ። ጥሩወርቅ ወለሉን እያየች መለሰች። ሐኪሟ ሁለቱን ነገር አገናኝታ፣ ምግቡን፣ እረፍቱን፣ የደም ምርመራውን አስረዳች፤ ለወራት ሩጫ የለም አለች። አሰልጣኙ የሚዛኑን ደብተር ከኪሳቸው አውጥተው ባዶ ገጽ ላይ ይጽፉ ነበር። «ቀስ በይልኝ» ይሏታል፣ «ምግቡን ድገሚልኝ።»

ስንወጣ ጥሩወርቅ «ከክለቡ እወጣለሁ?» አለቻቸው።

«ማን አለሽ?»

«ሙከራው አለፈኝ።»

«ሌላ ሙከራ አለ» አሉ። ትንሽ ራመድ ብለው ቆሙና ወደ እሷ ሳይዞሩ «ለአባትሽ እኔ እደውላለሁ» አሏት። ያን ቀን ስለ ራሳቸው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታክሲ ውስጥ፣ ለማንም ሳይሆን። «በዚህ ምክንያት ስንቶቹን ወደ ቤታቸው ሸኝቻለሁ? ስማቸውን እንኳ ቆጥሬ አልጨርስም።»

ከሰዓት በኋላ ዘጠኙን ቅጽ እንደ አዲስ ሞላሁ፤ አሁን አንድ በአንድ፣ በሩ ተዘግቶ። ሐዊ የገባችው መጨረሻ ላይ ነው። «ዶክተርዬ፣ እኔ እኮ ባዮሎጂ ጎበዝ ነበርኩ» አለች፤ ልትስቅ ብላ አልሆነላትም። ለስምንቱ አይመጣም፤ ከቆመባቸው ሁሉ ያጠረው ሰባት ወር ነው። ሁለቱ ቅልጥማቸውን ያማቸዋል። አንዷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በሕይወቷ አንዴም መጥቶባት አያውቅም፣ ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ብዕሬን አስቀምጬ መስኮት መስኮቱን አየሁ። ወረቀቱ ላይ ለእንዲህ ያለ መልስ የተተወ ቦታ አልነበረም።

ጥሩወርቅ አላናገረችኝም። ቅጿን ስሞላ ለጥያቄው ብቻ መልሳ ወጣች።

ወደ ቡታጅራ የተመለስኩት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከመሄዴ በፊት ልሰናበት ሯጮቹ ቤት ጎራ አልኩ። ስምንቱ ስልጠና ሄደዋል። ወጥ ቤቷ ትልቅ ድስት ጥዳ እንቁላል ትቀቅላለች። ጥሩወርቅ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ ጎኗ ክራንች ተደግፏል። «ደህና ሁኚ» አልኳት። ዓይኗን ከድስቱ አላነሳችም። ፊቷ እንዳበጠ ያስታውቃል፤ ስታለቅስ ነው ያደረችው። እኔም ይገባኛል ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ።

ከኋላዬ የክራንች ኮቴ ሰማሁ። በሩ ድረስ ተከትላኝ መጥታ፣ ወጥ ቤቷ እንዳትሰማ ተጠግታኝ ቆመች።

«ከመቆሙ በፊት ሁለት ሦስቴ ብቻ ነበር የመጣብኝ። ረስቼዋለሁ» አለችኝ። «ሲመለስ ያማል?»

«ትንሽ ያማል።»

«ከእግሬ ይብሳል?»

«አይብስም።»

ክራንቹን ብብቷ ሥር አስተካክላ መንገዱን አየች።

«እንግዲያው ይምጣ» አለች።